የቤታችን ፍሪጅ እንዴት ይያዝ?

(በወልድያ ተራ ለሚጠብቁ ባለትዳሮች በጤና ትምህርት ሰዓት ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፍሪጅ ነው። አዋላጅ ነርስ ስለ ፍሪጅ ምን አገባት እንዳትሉኝ። ክትባትም ሆነ ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጡ ስለሚበላሹ፣ ሙቀቱን ጠዋትና ማታ እያዩ መመዝገብ የእኛ ሥራ ነው። ለምግብ ደግሞ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ይመረጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍሪጅ ጀርምን አይገድልም፤ መራባቱን ያዘገየዋል እንጂ። ስለዚህ ቅዝቃዜው ለምግቡ ሁሉ መድረስ አለበት።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በፋሲካና በዐረፋ ነው። ሥጋው በአንድ ትልቅ ፌስታል እንደታጨቀ ይገባል። የጎረቤትም በአደራ ይጨመራል፤ እምቢ ማለት ያስቸግራል። አየር መዘዋወሪያ ሲያጣ ግን የመሐሉ ሥጋ ሳይቀዘቅዝ ያድራል። ለአንድ ቀን በሚበቃ መጠን ከፋፍሎ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል። ጥሬ ሥጋ ምንጊዜም ከበሰለው በታች ይሁን፤ ከላይ ከሆነ ደሙ ወጡ ላይ ይንጠባጠባል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀት ስለሚገባ ወተት በር ላይ አይቀመጥ፤ ለበሩ ውሃና አዋዜ ይበቃዋል። ከመርሳ ያመጣችሁት ያልበሰለ ማንጎ፣ ሽንኩርትና ድንች ፍሪጅ አያስፈልጋቸውም።

ወጥ በትናንሽ ዕቃ ተከፍሎ ይብረድ፤ ከ2 ሰዓት በላይ ግን ውጭ አይቆይ። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሲወጣ የሚበላው ብቻ ተቀንሶ እስኪፈላ ይሞቅ። «ካፈላሁት ምን ይሆናል?» የምትሉ አላችሁ። የተበላሸ ከሆነ ግን አንዳንድ ጀርሞች የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋም፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ ትውከትና ተቅማጥ ቶሎ ይጎዳዋል።

የወልድያ ሰው መብራት ማጣትን ከእኔ አይማርም፤ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ለወራት በጨለማ ቆይተናል። ለሰዓታት ሲጠፋ ግን ዘዴ አለው። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር እስከ 2 ቀን። እኛ በክትባቱ ፍሪጅ እንደምናደርገው በባዶው ቦታ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች አስቀምጡ፤ ቅዝቃዜውን ይዘው ያቆያሉ። አባወራዎች፣ «እስቲ ቀዝቅዞ እንደሆነ ልየው» እያላችሁ አትክፈቱት! ሥጋ፣ ወተትና ወጥ ቅዝቃዜያቸው ከሄደ 2 ሰዓት ካለፈ አይበሉ።

ሥራ የምትውሉ እናቶች፣ የታለበ የጡት ወተት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ወደ ኋላ ገባ ተደርጎ ከተቀመጠ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አሙቁት እንጂ እሳት ላይ አትጣዱት።

የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም ፍሪጅ ይገባ እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። አያስፈልገውም። እርጥበት ስለሚጎዳው ደረቅና ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።