የተበላሸ ዕቃና ያለጊዜው የተሸጠ እህል
በጃቢ ጠህናን ወረዳ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የመጣሁት ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር ልነግራችሁ አይደለም። ስለ እነዚህ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። የዛሬው ነገር በየቤታችን ጥግ፥ ከቆጥ ሥር ወይም ከጎተራው ኋላ ተጥሎ ስለሚገኘው ዕቃ ነው፤ ይኸውም የሚያንጠባጥበው መርጫ፥ አልነሣም ያለው የውሃ ሞተር፥ የማይሞቀው ምጣድ፥ የማይበራው የፀሐይ መብራት ነው። ይህ ዕቃ ከእህላችሁ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንድታስተውሉልኝ እለምናችኋለሁ።

በእኛ አገር፥ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር፥ በቆሎው የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣው በእነዚህ ወራት ዋጋው ይወድቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጎተራው ይጎድልና ዋጋው ይወጣል። ይህን እናንተ ከእኔ በፊት ታውቁታላችሁ። ታዲያ ስለ ምን በኅዳር እንሸጣለን? ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ስለሚመጣብን ነው። ዕዳ አለ፥ ግብር አለ፥ የልጆች ደብተር አለ። እነዚህን ማስቀረት አይቻልም። ነገር ግን ከእነዚህ ጋር ተደባልቆ የሚመጣ ሌላ ወጪ አለ። መርጫው ፈሰሰ ተብሎ ሌላ መርጫ ለመግዛት አንድ ኩንታል በአህያ ይጫናል፤ ሞተሩ ሞተ ተብሎ ሌላ ሞተር ለመግዛት ወይፈን ይነዳል። በሐምሌ ያንኑ ኩንታል በሐምሌ ዋጋ መልሶ የሚገዛ ሰው፥ ለአንዱ መርጫ ሁለት ጊዜ እንደ ከፈለ ይቁጠረው።

ደግሞም የዕቃው ዋጋ እንደ ዱሮው አይደለም። መርጫውም፥ ሞተሩም፥ የፀሐይ መብራቱም በአብዛኛው ከውጭ አገር በዶላር የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚህም በቀር ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ ተዘግቶ መለዋወጫ ሳይደርስ የቀረበትን ጊዜ አይተናል። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም በአውራው ጎዳና ላይ ናቸው፤ ጎዳናው ሲቆም ግን ለአንዲት ካንዴላ ሳምንት የጠበቀ ሰው አለ። ስለዚህ በቤት ያለውን ዕቃ ማዳን ዛሬ ከመቼውም ይልቅ ያዋጣል።

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ገበሬ ነን እንጂ መካኒክ አይደለንም» ትሉ ይሆናል። ይህን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አልቀበለውምም። ድግራችሁ ቢሰበር ማን ይሠራላችኋል? ሞፈር የሚቀርጸው፥ ቀንበር የሚጠርበው፥ ምራን የሚያለፋው፥ ወገሉን የሚያጠብቀው ማን ነው? እርሻው መሬቱን አልይዝ ሲላችሁ ችግሩ ከማረሻው ይሁን ከአሰካኩ፥ ሁለት ትልም አርሳችሁ ታውቁታላችሁ። ይህ ዐይን ለሞተሩም ይሆናል። የሚጎድለው ችሎታው ሳይሆን ዕቃውን ለመክፈት መድፈሩ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከኮሌጅ ወጥቼ ብዙ ሳልቆይ፥ በብር ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ ሽማግሌ የውሃ ሞተራቸው አልነሣ አላቸውና ጠሩኝ። ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ሳብኩት፤ ዝም አለ። እኔም የማላውቀውን አላውቅም ለማለት አፈርሁና «ጋሼ፥ ይህ ሞተር ጨርሷል፤ ሽጡት» አልኋቸው። እርሳቸውም የመንግሥት ባለሙያ የተናገረውን አምነው ለቁርጥራጭ ብረት በሚከፈል ዋጋ ሸጡት። የገዛው ሰው የቆየውን ቤንዚን አፍስሶ፥ ካርቡራቶሩን አጥቦ፥ ካንዴላውን ለውጦ በዚያው ሳምንት ከወንዙ ማዶ ውሃ ይስብበት ጀመር። የሽማግሌው ሽንኩርት ግን ሁለት ውሃ ሲቀረው ደረቀ። በኋላ ስንገናኝ አልተቆጡኝም። «ልጄ፥ ድምፁን እኮ ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር መፍታት ተማርሁ። የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ ይህን የነገርኋችሁ ለእናንተ ነው፤ የማታውቁትን ዕቃ «ጨርሷል» አትበሉ።

እንግዲህ ከሞተሩ እንጀምር። በመስኖ የምትጠቀሙበት ትንሹ የቤንዚን ሞተር በጥር ደህና ሠርቶ በግንቦት ዝናብ ሲጥል ከነቤንዚኑ ጥግ ይቀመጣል። ክረምቱን ሙሉ የቆመ ቤንዚን ግን ይበላሻል፤ እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ይሆንና የካርቡራቶሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። በጥቅምት ገመዱን ብትስቡት የማይነሣው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የመስኖው ሥራ ያበቃ ዕለት ጋኑን አፍስሱ፥ ከዚያም ሞተሩን አስነሥታችሁ የቀረውን ቤንዚን ጨርሶ በራሱ እንዲጠፋ ተዉት። የደፈነው ከሆነ ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ፥ እሳትም ሲጋራም በሌለበት ቦታ፥ ከካርቡራቶሩ ሥር ያለውን ጽዋ ፈትታችሁ በንጹሕ ቤንዚን እጠቡት። ካንዴላውንም አውጥታችሁ እዩት። ጠቁሮና ረጥቦ ቢገኝ በብሩሽ ጠርጋችሁ አድርቁት። በጫፉ ያለው ክፍተት በአብዛኛው ትንሽ ሞተር ላይ 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የተሰነጠቀ ከሆነ ይለወጥ፤ ካንዴላ ከሞተር ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው።

ዘይቱን አትርሱ። አዲስ ሞተር ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ፥ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ዘይቱ ይለወጣል። በቀን 5 ሰዓት የምታጠጡ ከሆነ 100 ሰዓት ማለት 20 ቀን ነው። ብዙ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አይለውጥም፤ ከዚያ ሞተሩን ይረግማል። የአየር ማጣሪያውን ደግሞ «ትንፋሽ ያግኝ» ብሎ አውልቆ የሚጥል አለ። ይህ ክፉ ልማድ ነው። በጋ ላይ የሚነሣው አቧራ ያለ ማጣሪያ ሲገባ የሞተሩን ውስጥ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ስፖንጁን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁና መልሱት።

ሞተሩ እየሠራ ውሃ ካልሳበ ጥፋቱ ከሞተሩ አይደለም። ወይ ከወንዙ ርቆ ተሰቅሏል፤ ከውሃው ወለል ከ7 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ፓምፕ በሚገባ አይስብም። ወይም በመሳቢያው ቱቦ በኩል አየር ይገባል። ስንጥቁን ፈልጉና ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቀደደ ጠፍር ወጥራችሁ ጠምጥሙበት፥ በሽቦም እሰሩት። የቱቦውን ጫፍ በሸምበቆ ቅርጫት ውስጥ ብታስገቡት ደለልና ቅጠል አይስብም። ይህን የቅርጫት ነገር የተማርሁት ከገበሬ እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም።

አሁን ወደ መርጫው ልለፍ፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሚያንጠባጥብ መርጫ መድኃኒቱን በተሸካሚው ጀርባ ላይ ያፈስሰዋል፥ መርዙም በቆዳ ይገባል። የፈሰሰውን በፌስታል ጠምጥሞ መርጨት ራስን መጉዳት ነው። አብዛኛው ፍሳሽ ከክዳኑና ከማያያዣዎቹ ላይ ካለች የጎማ ቀለበት ነው። ከውስጥ ጎማ በመቀስ ቆርጣችሁ ብትተኩት ለጊዜው ይይዛል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ይህን ጎማ ያሳብጠዋልና፥ ገበያ ስትወጡ ትክክለኛውን ቀለበት ገዝታችሁ ለውጡት። አፍንጫው ሲደፈን በሽቦ ወይም በመርፌ አትውጉት፥ በአፍም አትንፉት። ሽቦው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ በየመስመሩ ከሚገባው በላይ መድኃኒት ያወጣል። በሣር ዘንግ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት። ለመፈተን ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ለአንድ ደቂቃ በጣሳ ውስጥ ርጩና ለኩ፤ አዲሱ አፍንጫ ከሚያወጣው ከአንድ አሥረኛ በላይ ብልጫ ካለው አፍንጫው አርጅቷል፥ ይለወጥ።

በርበሬ የምታለሙ ሰዎች ደግሞ ይህን በተለይ ስሙኝ። በጤፍ ወይም በበቆሎ ላይ ቱፎርዲ የረጫችሁበትን መርጫ በሚገባ ሳታጥቡ ወደ በርበሬው ብትወስዱት፥ የቀረችው ጥቂት እንኳ ቅጠሉን ታጣምመዋለች፤ የዓመቱን በርበሬ ልታሳጣችሁ ትችላለች። ሦስት ጊዜ ማጠብ፥ እጣቢውንም ወንዝ ሳይሆን የተረጨው ማሳ ላይ መድፋት ይገባል። ከተቻለ ግን ለቱፎርዲ የሚሆን መርጫ ለብቻው ይሁን። ሁለት ጎረቤት ተስማምቶ አንዱ መርጫ ለአረም፥ ሌላው ለተባይ ቢሆን ምን ይከብዳል?

በከተማ ዳር ያላችሁና መብራት የገባላችሁ ቤተሰቦች በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራላችሁ። ምጣዱ 3,500 ዋት ያህል ይፈጃል፤ ይህም ባለ 9 ዋት አምፖል ከ380 በላይ በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ስለዚህ እመቤቶች ሆይ፥ ሊጡ ሳይደርስ አታሙቁት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከመጋገር አንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር የማሞቂያውን ያተርፋል፤ የመጨረሻውን እንጀራ በቀረው ግለት አውጡት። የውስጡ ሽቦ ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ ማያያዝ ልማድ ሆኗል። ሽቦው ሲያጥር ግን ይበልጥ ይግላል፥ መጋጠሚያውም እንደገና ይበጠሳል፤ ሙሉውን ሽቦ በልኩ መለወጥ ይሻላል። ከጋገራችሁ በኋላ መሰኪያውን ነቅላችሁ ዳስሱት። ከጋለ በውስጡ ያለው ቡሎን ላልቷል ማለት ነውና በካቻቢቴ አጥብቁት። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከሶኬቱ ተነቅሎ ነው። ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ ያለውን መስመር ግን አትንኩ፤ ለዚያ ባለሙያ አለ። ያበጠ የፀሐይ መብራት ባትሪም አይከፈትም፤ ሊቀጣጠል ይችላል። ያላበጠውን መብራት በተመለከተ፥ ብዙ ጊዜ ሞተ የሚባለው ሰሌዳው አቧራ ለብሶ ወይም ሽቦው ከመሰኪያው ሥር ተቆርጦ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉትና ከቅርንጫፍ ጥላ አርቁት።

በእንጨት የምትጋግሩ ሰዎች ምርጥ ምድጃ ካላችሁ፥ ስንጥቁን በጭቃ ምረጉት እንጂ አትጣሉት። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ያልነደደው ኩበትም ወደ ማሳችሁ ይመለሳል።

ስለ ቦኖ ውሃ አንድ ነገር ብቻ። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ገደማ ያፈስሳል። ይህ አንድ ጀሪካን ነው፤ አንዲት ልጅ በጀርባዋ የምታመላልሰው ማለት ነው። የምትለወጠው ግን አንዲት የጎማ ቀለበት ናት።

መሣሪያ ከየት ይምጣ ትላላችሁ። አንድ ቤት ብቻውን ይግዛ አልልም። አሥር ቤት ሆናችሁ ዕቁብ እንደምትጥሉ ጥላችሁ ፒንሳ፥ ሁለት ዓይነት ካቻቢቴ፥ የካንዴላ መፍቻ፥ ብሩሽና መቀስ በአንድ ሳጥን ግዙ። ሳጥኑ በአንድ ታማኝ ሰው ቤት ይቀመጥ፤ የወሰደውንም ሰው ተማሪ ልጅ በደብተር ይጻፍ። በዚያው ደብተር ላይ በየወሩ ምን ዕቃ እንደ ዳነና አዲስ ቢገዛ ስንት ብር ይጠይቅ እንደ ነበረ ቢመዘገብ፥ በኅዳር ኩንታሉን ከመጫናችሁ በፊት አንብቡት።

ዛሬ የተበላሸ መርጫ ይዛችሁ የመጣችሁ፥ ወደ ዋርካው ጥላ እለፉና ክዳኑን አውልቃችሁ ጠብቁኝ። መቀሱ አንድ ብቻ ስለ ሆነ በተራ ነው፤ ከሩቅ የመጣችሁ ትቀድማላችሁ።