ከፓሪስ እስከ ሩቤ፤ የአንድ ቀን እሽቅድምድምና የአንድ መንገድ ታሪክ



በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከቤልጅግ ድንበር አጠገብ፣ ሩቤ የምትባል ከተማ አለች። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የፈትልና የሽመና ፋብሪካ የበዛባት የሠራተኞች ከተማ ነበረች። ዛሬ ግን ስሟ በዓለም የሚጠራው በየዓመቱ በጸደይ ወራት፣ በአንድ እሑድ ቀን፣ በሚፈጸመው የቢስክሌት እሽቅድምድም ነው። ታሪኩ ከስፖርት አልፎ ለአስተማሪ የሚሆን ቁም ነገር ስላለበት ከመነሻው ጀምሮ መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1895 ዓ.ም. ቴዎዶር ቪየንና ሞሪስ ፔሬዝ የተባሉ ሁለት የሩቤ የፈትል ፋብሪካ ባለቤቶች በከተማቸው የቢስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ አሠሩ። ሜዳው ተመልካች እንዲያገኝ ሲያስቡ፣ ከፓሪስ ተነሥቶ በዚያው ሜዳ የሚፈጸም እሽቅድምድም እንዲደረግ «ለ ቬሎ» ለተባለው የስፖርት ጋዜጣ ሐሳብ አቀረቡ። ጋዜጣውም መንገዱን እንዲመረምር ቪክቶር ብሬዬ የተባለውን ጸሐፊ ላከ። ሰውዬው ከአሚየን ጀምሮ በዝናብና በጭቃ በቢስክሌት ተጕዞ፣ ደክሞና በስብሶ ሩቤ በደረሰ ጊዜ፣ ነገሩ እንዲቀር በቴሌግራም ሊያስታውቅ ቆርጦ እንደ ነበር፣ ነገር ግን ታጥቦና እራት በልቶ ካረፈ በኋላ አሳቡን እንደ ለወጠ ይተረካል።

የመጀመሪያው እሽቅድምድም የተደረገው አፕሪል 19 ቀን 1896 ዓ.ም. ነው። ይህም በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 12 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዐድዋ ድል ልክ ሰባት ሳምንት በኋላ መሆኑ ነው። የመንገዱ ርዝመት 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ዮሴፍ ፊሸር የተባለው ጀርመናዊ አንደኛ ወጣ። ሦስተኛ የወጣው ሞሪስ ጋረን በኢጣሊያ የተወለደ፣ በልጅነቱ የጭስ ማውጫ በመጥረግ እንጀራውን ያገኝ የነበረ ሰው ነው። እርሱም በ1897 እና በ1898 ዓ.ም. በተከታታይ አሸነፈ፤ በ1903 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያውን የፈረንሳይ ዙር እሽቅድምድም ድል አደረገ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ እሽቅድምድሙ ከ1915 እስከ 1918 ዓ.ም. ተቋረጠ። ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በ1919 ዓ.ም.፣ መንገዱ የሚያስኬድ መሆኑን ለማወቅ ወደ ሰሜን የተላኩት ሰዎች ያዩት መንደሩ ፈርሶ፣ ዛፉ ተቃጥሎ፣ ምድሩ በመድፍ ተቈፍሮ ነበር። ባዩት ነገር ደንግጠው አገሩን ከገሃነም ጋር አመሳሰሉት፤ «የሰሜን ገሃነም» የሚለው ስያሜም ከዚያ ወዲህ ለእሽቅድምድሙ ቀረለት። ዛሬ ብዙ ሰው ስያሜው ከመንገዱ አስቸጋሪነት የመጣ ይመስለዋል፤ ምንጩ ግን የጦርነት ጥፋት ነው። በዚያ ዓመት ሄንሪ ፔሊሲዬ አሸነፈ፤ እሽቅድምድሙም ለተጐዳው ሕዝብ ኑሮው ወደ ቦታው የመመለሱ ምልክት ሆነለት።

በ1949 ዓ.ም. የተፈጸመው ነገር ደግሞ ስለ ፍርድ የሚያስተምር ነው። አንድሬ ማሄ የተባለው ፈረንሳዊ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ቀድሞ መጨረሻው ሜዳ አጠገብ ሲደርስ፣ መንገድ መሪዎቹ በስሕተት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለ መሯቸው በዋናው በር ሳይሆን በሌላ በር ገቡ። ማሄ አንደኛ ነው ተባለ። ነገር ግን በትክክለኛው መንገድ ከመጡት መካከል የቀደመው ሴርሴ ኮፒ፣ የታላቁ የፋውስቶ ኮፒ ወንድም፣ አቤቱታ አቀረበ። ክርክሩ ወራት ከፈጀ በኋላ ድሉ ለሁለቱም እንዲሆን ተወሰነ። አንደኛው ያለ ጥፋቱ ተሳስቷል፤ ሁለተኛው ሕጉን ጠብቋል። ስሕተቱ የመሪ ሲሆን ቅጣቱ በተመሪው ላይ ብቻ መውደቅ እንደማይገባው፣ ተማሪ የሚመራ ሁሉ ከዚህ ይረዳል።

የዚህ እሽቅድምድም ልዩ ጠባዩ መንገዱ ነው። በሰሜን ፈረንሳይ ገበሬው ምርቱን የሚያወጣባቸው መንገዶች ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈባቸው ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ ሲበለጽግ መንገዶቹ በአስፋልት ይሸፈኑ ጀመር። እሽቅድምድሙ በቴሌቪዥን መታየት በጀመረ ጊዜም የመንደር ሹማምንት ወረዳቸው በኋላ ቀር መንገዱ እንዲታወቅ አልወደዱም። ይህ አሳባቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ገበሬው የደኅና መንገድ ባለመብት ነውና። ይሁን እንጂ በ1965 ዓ.ም. የቀረው የድንጋይ መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ እሽቅድምድሙ ጠባዩን ሊያጣ ተቃረበ።

በዚህ ጊዜ አዘጋጆቹ የተረሱ መንገዶችን መፈለግ ያዙ። ዣን ስታብሊንስኪ የአረንበርግን ጫካ መንገድ አመለከታቸው። ይህ ሰው ከፖላንድ የመጡ ስደተኞች ልጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በዚያው ስፍራ በከሰል ድንጋይ ማዕድን የሠራ፣ በኋላም በ1962 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ነው። የጫካው መንገድ በ1968 ዓ.ም. ወደ እሽቅድምድሙ ገባ። ስታብሊንስኪ ከምድር በታች በድካም ባለፈበት ስፍራ ላይ ከምድር በላይ በቢስክሌት አለፈ። መነሻውም በ1966 ዓ.ም. ከፓሪስ ወደ ሻንቲዪ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኮምፒየኝ ተዛወረ። ስሙ ግን እንደ ጥንቱ «ፓሪስ–ሩቤ» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሕዝቡ አስተያየት ተለወጠ። የሚያሳፍር የነበረው ድንጋይ የሚያኰራ ሆነ፤ ለአሸናፊው የሚሰጠው ሽልማትም ከመንገዱ የወጣ ጥርብ ድንጋይ ነው። «የፓሪስ–ሩቤ ወዳጆች» የተባለ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ተቋቁሞ የተነቀለውን ድንጋይ ይተክላል፤ የጐደለውን ይሞላል። ከሁሉ ይልቅ መምህራንን ደስ የሚያሰኘው፣ በሬም ከተማ ያለው የአትክልት ሥራ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከማኅበሩ ጋር ሆነው መንገዱን በእጃቸው መጠገናቸው ነው። ተማሪው ድንጋዩን ሲያስተካክል ሙያ ይማራል፤ ያንን ድንጋይ አስቀድሞ ያነጠፉትን ሰዎች ድካምም ያውቃል።

እሽቅድምድሙ ዛሬም ይኖራል። ከርዝመቱ 55 ኪሎ ሜትር ያህሉ የድንጋይ መንገድ ነው። ሮዤ ደ ቭላሚንክና ቶም ቦነን የተባሉ ሁለት ቤልጅጋውያን እያንዳንዳቸው አራት አራት ጊዜ አሸንፈዋል። በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኝ ምክንያት ቀርቶ፣ በ2021 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ተደረገ፤ ያን ጊዜም ከ125 ዓመት በኋላ የሴቶች እሽቅድምድም ተጀምሮ እንግሊዛዊቱ ሊዚ ዴይግናን የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሆነች። የአፍሪካ ቀንድ ልጆችም ከዚህ ዐይነቱ መንገድ አልራቁም፤ በ2022 ዓ.ም. ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በጎረቤት በቤልጅግ አገር የሚደረገውን የጌንት–ቬቬልገም እሽቅድምድም በማሸነፍ ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆኗል።

እንግዲህ የሩቤ ሰዎች አስፋልቱን አልጠሉም፤ ዛሬም በአስፋልት ይሄዳሉ። ነገር ግን አባቶቻቸው ካነጠፉት ድንጋይ ጥቂቱን መርጠው ጠበቁ፤ ለልጆቻቸውም መጠገኑን አስተማሩ። በእኛም አገር በየትምህርት ቤቱ አካባቢ የድንጋይ ካብ፣ እርከን፣ አሮጌ ድልድይና የእጅ ጥበብ ሞልቷል። ከእነዚህ አንዳንዱ በሚሻል ነገር መተካት ይኖርበታል፤ አንዳንዱ ግን ሊጠበቅ ይገባዋል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት የሚችል ትውልድ የሚገኘው፣ መምህሩ ተማሪዎቹን ከክፍል አውጥቶ ያንን ሥራ በዐይናቸው እንዲያዩ፣ በእጃቸውም እንዲዳስሱ ሲያደርግ ነው።