የተሰወረውን አርቢ በምትክ ስለ መግለጥ



ዛሬ በፊታችሁ ለመናገር የመረጥሁት በአልጀብራ ትምህርት ውስጥ ትንሽ መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን የተማሪን አእምሮ ከልማድ ወደ ማስተዋል የሚያሻግር አንድ ዘዴ ነው። ይኸውም ያልታወቀው ቍጥር አርቢ ሆኖ የተቀመጠበትን እኩልታ፣ በምትክ አማካይነት ወደ ፖሊኖሚያል መልክ መልሶ መፍታት ነው።

አልጀብራ የሚለው ስም በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይሠራ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ አርእስት የመጣ ነው። እርሱ እስከ ካሬ የሚደርሱትን እኩልታዎች በ6 ዓይነት ከፍሎ ለየዓይነቱ መፍቻ ሰጠ። የምንነጋገርበት ዘዴም አዲስ የሚመስለውን ጥያቄ ወደዚያ ጥንታዊ መፍቻ የሚመልስ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ፤

4^ሸ − 6 × 2^ሸ + 8 = 0

4 የ2 ካሬ ስለ ሆነ፣ 4^ሸም የ2^ሸ ካሬ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች ይሰናከላሉ፤ 4^ሸን የ2^ሸ እጥፍ ያደርጉታልና። ሸ 3 ቢሆን የፊተኛው 64፣ የኋለኛው ግን 16 ብቻ መሆኑን በሰሌዳ ላይ ማሳየት ከረጅም ተግሣጽ ይበልጣል። እንግዲህ 2^ሸን ተ ብለን ብንጠራው፤

ተ² − 6ተ + 8 = 0
(ተ − 2)(ተ − 4) = 0

ተ 2 ወይም 4 ነው። ነገር ግን የተጠየቅነው ሸን እንጂ ተን አይደለም። 2^ሸ 2 ከሆነ ሸ 1፣ 4 ከሆነ ደግሞ ሸ 2 ይሆናል።

ዋናው ቁም ነገር ግን በሚከተለው ይገለጣል፤

9^ሸ − 8 × 3^ሸ − 9 = 0

3^ሸን ተ ብንለው፣ ተ² − 8ተ − 9 = 0 ይሆናል፤ ተም 9 ወይም −1 ነው። በዚህ ጊዜ መምህሩ «−1ን ጣሉት» ብሎ ቢያልፍ፣ ተማሪው መጣልን ይማራል እንጂ ምክንያቱን አይማርም። ነገ መጣል የማይገባውንም ይጥላል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ 3 በማናቸውም እውነተኛ ቍጥር ቢረባ ውጤቱ ምን ጊዜም ከ0 ይበልጣል፤ አርቢው −2 እንኳ ቢሆን ውጤቱ 1/9 ነው። ተ የ3^ሸ እንደራሴ ነው፤ እንደራሴም ከሾመው ሥልጣን አያልፍም። ስለዚህ ተን በምንሾምበት ሰዓት «ተ ከ0 ይበልጣል» ብለን ወሰኑን አብረን እንጻፍ። ያን ጊዜ −1 በትእዛዝ ሳይሆን በሕግ ይወድቃል፤ የሚቀረው 9 ብቻ ነው፣ ሸም 2 ነው።

ዘዴው ወደ ሌላ ትምህርትም በር ይከፍታል። 4^ሸ − 2^ሸ − 6 = 0 የሚለው እኩልታ 2^ሸ = 3 ወደሚለው ያደርሰናል። ሸ ከ1 ይበልጣል፣ ከ2 ያንሳል፤ ሙሉ ቍጥር ግን አይደለም። ተማሪው ሎጋሪዝም ለምን እንደሚያስፈልግ የሚረዳው በዚህ ስፍራ ነው፤ ዋጋው ወደ 1.585 የሚጠጋ መሆኑንም በሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ያገኘዋል።

ሆኖም መሣሪያ ሁሉ ወሰን አለው። 2^ሸ + 3^ሸ = 13 በአንድ ምትክ ወደ ካሬ አይመለስም፤ 3 የ2 ርቢ አይደለምና። ሸ 2 ሲሆን 4 እና 9 ተደምረው 13 እንደሚሆኑ ማየት ይቻላል፤ ሁለቱም ከሸ ጋር የሚያድጉ ስለ ሆኑ ሌላ መልስ የለም። ዘዴው የማይሠራበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅም ራሱ እውቀት ነው።

ክቡራን ሆይ፤ ከተማሪዎቻችን ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ምትኩን ከነወሰኑ እንዲጽፉ፣ ከተ ወደ ሸ እንዲመለሱ፣ ያገኙትንም በመጀመሪያው እኩልታ ውስጥ አግብተው እንዲፈትኑ። የፈተና ወረቀት የምታዘጋጁና የምትመረምሩ ሹማምንትም ከመልሱ ይልቅ ለምክንያቱ ነጥብ ብትሰጡ፣ መምህሩ ምክንያትን ለማስተማር ድፍረት ያገኛል። ሒሳብ የመልስ መዝገብ ሳይሆን ሰው የተናገረውን በማስረጃ የሚያጸናበት ትምህርት ነው።