መታከምን የፈራ ሐኪም

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር





 በእንደዚህ ያለው በዓል ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር የተለመደ ነው፤ እኛም ከዚሁ ብዙ አንርቅም። ነገር ግን የምንናገረው በዕውቀቱ ከባልንጀሮቹ ሁሉ ስለ በለጠ፥ የወደደውን ሰው ይዞ መኖር ግን ስላቃተው አንድ ሰው ነው። ወላጆቻችን ሆይ፥ ስለ ፍቅር ልንናገር መሆናችንን ሰምታችሁ አትደንግጡ። እስከ መጨረሻው ብትታገሡን ነገሩ የእናንተም የእኛም መሆኑን ታያላችሁ።

ይህ ሰው ዶክተር ግሬጎሪ ሀውስ ይባላል። በሕይወት የነበረ ሰው አይደለም፤ ዴቪድ ሾር የተባለ ደራሲ ለቴሌቪዥን ድራማ የፈጠረው ነው። ድራማው በዚሁ ሰው ስም ተጠርቶ በአሜሪካ አገር በፎክስ ቴሌቪዥን ከ2004 እስከ 2012 ድረስ ታይቷል፤ ሀውስንም ሆኖ የተጫወተው እንግሊዛዊው ሂዩ ሎሪ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ደራሲው ይህን ሰው ሲፈጥር አብዛኞቻችን በመጽሐፍ የምናውቀውን ሸርሎክ ሆልምስን አስቦ ነው። ሆልምስ የወንጀለኛን ዱካ እንደሚከተል፥ ሀውስም በኒው ጀርሲ በሚገኝ በአንድ የፈጠራ ሆስፒታል ውስጥ ሌሎች ሐኪሞች ሊያውቁት ያልቻሉትን በሽታ ዱካውን እየተከተለ ያገኘዋል።

ሀውስን ከሩቅ የሚያየው ሰው ኩሩ ነው ይለዋል። ምላሱ ስለት ነው፤ የበላዮቹን አያከብርም፤ ሰው ሁሉ ይዋሻል ብሎ ስለሚያምን ከሕመምተኞቹ ጋር መነጋገርን እንኳ ይጠላል። በዱላ ተደግፎ እያነከሰ ይሄዳል፤ ለእግሩም ሥቃይ ቫይኮዲን የሚባለውን ማስታገሻ ክኒን ያለ ልክ ይውጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ፈሪ ነው የሚለው የለም። እኛ ግን የሀውስ ኩራት የፍርሃቱ ልብስ ነው እንላለን። ይህም ፍርሃት ከየትም ይልቅ የሚገለጠው የፍቅር ጓደኛ በሚመርጥበት ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ የፍርሃቱን ሥር እንመልከት። ሀውስን ያሳደገው አባት የጦር መኰንን ነበር፤ ስሕተትንም አያልፍም። ልጁን ለመቅጣት በበረዶ ውኃ ውስጥ ያስገባው፥ ከቤት ውጭም ያሳድረው እንደ ነበረ ሀውስ በ2007 በታየ አንድ ክፍል ላይ ለአንዲት ሕመምተኛ ይነግራታል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ደግሞ ይህ ሰው የሥጋ አባቱ አለመሆኑን ማንም ሳይነግረው በራሱ ምርመራ ደረሰበት። እንግዲህ የመጀመሪያው የምርመራ ሥራው የራሱን ቤት ምሥጢር መግለጥ ሆነ ማለት ነው።

ሕይወቱን የመራው ነገር ግን በዐሥራ አራት ዓመቱ በጃፓን አገር የገጠመው ነው። አንድ ጓደኛው አለት ሲወጣ ተጎድቶ ሆስፒታል ገባና ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪሞቹ ግራ ሲገባቸው የሆስፒታሉ ጠራጊ የሚመስል አንድ ሰው አስጠሩ። ያ ሰው ሐኪም ነበር፤ ነገር ግን ቡራኩ ከሚባለውና በጃፓን ኅብረተሰብ ዘንድ ሲናቅ ከኖረው ወገን ስለ ተወለደ የሚቀርበው አልነበረም። የሚጠሩት ሲቸግራቸው ብቻ ነው፤ በጠሩት ጊዜ ግን የሚናገረው እውነት ስለሚሆን ሳይወዱ በግድ ይሰሙታል። ብላቴናው ሀውስ ይህን አይቶ ሐኪም ለመሆን ቈረጠ። ሰዎች ባይወዱኝም እንኳ ካልተሳሳትሁ ያለ እኔ አይሆንላቸውም ብሎ አሰበ።

ወዳጆቻችን ሆይ፥ ለችግር ጊዜ መፈለግና መወደድ አንድ አይደሉም። ሀውስ በፊተኛው ላይ ቤቱን ሠራ፤ ሁለተኛው በመጣበት ጊዜ ሁሉ ግን በሩን ዘጋበት።

ድራማው ከሚጀምርበት ጊዜ አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በጭኑ ውስጥ ያለ የደም ሥር ተዘግቶ ጡንቻው ሞተ። ሐኪሞቹ እግሩ ይቈረጥ አሉ፤ እሱ እምቢ አለ። ሥቃዩ ከመጠን ሲያልፍ በመድኃኒት ራሱን እንዲስት ተደረገ። በዚያን ጊዜ አብራው ትኖር የነበረችው የሕግ ባለሙያ ስቴሲ፥ ስለ እርሱ ለመወሰን ሕጋዊ መብት ስለ ነበራት፥ የሞተው ጡንቻ ብቻ ተቈርጦ እንዲወጣ ፈቀደች። ነፍሱ ዳነች፤ እግሩም ቀረለት፤ አንካሳነትና የማያባራ ሕመም ግን ተከተሉት። ሀውስ ይህን ይቅር ሊላት ስላልቻለ ተለያዩ። ይህን ታሪክ የሚተርከው የ2005 ክፍል ለደራሲው ለዴቪድ ሾር የኤሚን ሽልማት አስገኝቶለታል።

እንግዲህ በዚህ ሰው ፊት በየጊዜው ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ለእያንዳንዳቸው የሰጠውን መልስ እንመርምር።

የመጀመሪያዪቱ በእርሱ ሥር የምትሠራው ወጣቷ ሐኪም ካሜሮን ናት። በ2005 አብረው እራት እንዲበሉ ጠየቀችው፤ ስለ እርሷ በልቡ ያለውንም እንዲነግራት ፈለገች። ሀውስ የልቡን በመናገር ፈንታ እንደ በሽተኛ መረመራት። ካሜሮን ቀድሞ በካንሰር ሊሞት የተቃረበ ሰው አግብታ ነበርና፥ አሁንም የምትፈልገው የሚጠገን ሰው ነው፤ እኔንም የወደድሽኝ የተሰበርሁ ስለ ሆንሁ ነው አላት። ምናልባት በነገሩ ጥቂት እውነት ይኖርበታል። ነገር ግን ያን ምሽት የተናገረው ፍርድ ከእርሷ ይልቅ እርሱን ይገልጠዋል። በራሱ ዘንድ የሚወደድ ነገር አለኝ ብሎ ስለማያምን፥ የወደደችው ሴት ሁሉ የታመመች ትመስለዋለች።

ሁለተኛዪቱ ስቴሲ ራሷ ናት። ሌላ ሰው አግብታ ከቈየች በኋላ የታመመ ባሏን ሀውስ እንዲያክምላት ለመለመን ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች። ሀውስም ባለትዳር መሆኗን እያወቀ ልቧን ለማግኘት ብዙ ደከመ፤ ይህ በእኛ ዘንድ የሚነቀፍ ነው። በ2006 ስቴሲ ባሏን ትታ ከእርሱ ጋር ለመሆን በቈረጠች ጊዜ ግን ሀውስ አይሆንም አላት፤ እኔ መለወጥ አልችልም፤ ላስደስትሽም አልችልም ብሎ መለሳት። ትዳሯን ስላላፈረሰ ሥራው መልካም ነው የሚል ይኖራል፤ እኛም ወደ ባሏ መመለሷን አንጠላም። ይሁን እንጂ ምክንያቱን እንይ። ለትዳር ክብር ብሎ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም ባልተከተላት ነበር። ሩቅ ሳለች ተከተላት፤ በቀረበች ጊዜ ሸሻት።

የልብ ወዳጁ ዶክተር ዊልሰን በዚያ ቀን የነገረውን ቃል የድራማው ሁሉ ቍልፍ አድርገን እንቈጥረዋለን። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ አንተ ራስህን አትወድም፤ ነገር ግን ራስህን ታደንቃለህ፤ ከተለወጥህ ከሌላው ሰው የተለየህበት ነገር የሚጠፋ ይመስልሃል፤ መከራህ ግን መከረኛ ከማድረግ በቀር ከማንም አያስበልጥህም። ከዚህ የበለጠ ምርመራ በዚያ ሆስፒታል የተደረገ አይመስለንም።

ሦስተኛዪቱ የሆስፒታሉ የበላይ ኃላፊ ዶክተር ካዲ ናት። በ2010 አንድ ሕንፃ በፈረሰ ጊዜ ሐና የተባለች ሴት እግሯ ከፍርስራሹ ሥር ተይዞ ቀረ። ሀውስ እግሯ እንዲቈረጥ ለማግባባት የራሱን ታሪክ አጫወታት፤ እግሬን አላስቈርጥም ማለቴ ብቸኛና ክፉ ሰው አደረገኝ ብሎ ነገራት። ለብዙ ዓመታት የደበቀውን ለማያውቃት ሴት በፍርስራሽ ውስጥ ተናዘዘ። ሐና ግን ከሕክምናው በኋላ ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ ሞተች። በዚያች ሌሊት ሀውስ ትቶት የነበረውን ክኒን በእጁ ይዞ ሲያመነታ ካዲ መጣችና እንደምትወደው ነገረችው። አንድ ሆኑ።

አንድ ከሆኑ በኋላ ግን አንድ አሳብ ያስጨንቀው ጀመር። ደስታ የሐኪምነት ችሎታዬን ቀንሶታል፤ በዚህም ምክንያት ሰው ይሞታል ብሎ አመነ። ከካዲ ጋር ለመኖር ይህንንም እንደሚቀበል በስካር ላይ ሆኖ ነገራት። ወዲያው በ2011 ካዲ በኵላሊቷ ላይ ዕብጠት ተገኘባት፤ ካንሰር ይሆናል ተብሎም ተፈራ። በሌላ ሰው በሽታ ላይ ወደ ኋላ የማይለው ሐኪም ወደ እርሷ ለመሄድ ፈራ። በመጨረሻ መጥቶ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ፤ ነገር ግን ፍርሃቱን ለማደንዘዝ ክኒኑን ውጦ ነበር። ዕብጠቱ ካንሰር ሆኖ አልተገኘም፤ ካዲ ግን የተቀመጠው ሥጋው እንጂ ልቡ እንዳልነበረ ባወቀች ጊዜ ተለየችው። ከዚያ በኋላ ሀውስ በቍጣ መኪናውን ነድቶ በቤቷ ውስጥ እስከ መግባት ደረሰ፤ ስለዚህም ታሰረ። ለዚህ ሥራው ምንም ዓይነት ሕመም ምክንያት ሊሆንለት አይችልም። ያልተነገረ ፍርሃት ሲውል ሲያድር በሌላው ሰው ላይ እንደሚወድቅ ግን ያስተምረናል። አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ደግሞም የፈሩት ይደርሳል፥ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ሀውስ መተውን ፈርቶ የሠራው ሥራ ሁሉ ወደ መተው አደረሰው።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። በ2012 የካንሰር ሐኪም የሆነው ዊልሰን ራሱ በካንሰር ታመመ፤ የቀረው ዕድሜም አምስት ወር ያህል ነበር። ሀውስም በሌላ ጥፋት እንደ ገና ወደ እስር ቤት ሊመለስ ሆነ። በዚያን ጊዜ የሞተ አስመስሎ ስሙንና ሥራውን ተወ፤ ከዊልሰን ጋር የቀሩትን ወራት ለማሳለፍ ሄደ። ማታለሉን አናመሰግንም። ነገር ግን ይህን አስተውሉ፤ ከእንግዲህ ወዲያ ሐኪም አይደለም፤ በሽታውን እንዲያውቅለት የሚጠራው ሰው የለም። ለወዳጁ የሚሰጠው ዕውቀት አልቀረውም፤ አብሮ መሆን ብቻ ቀረው፤ ዊልሰንም ያንኑ ነበር የሚፈልገው። ሀውስ ያለ ችሎታው የሚወደድ መሆኑን ያወቀው ሁሉን ካጣ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ እኛን ምን ያገባናል? እጅግ ያገባናል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በቍጥር ስንመዘን ኖረናል። ካርድ ይዘን ቤት ስንደርስ የምንጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ስንተኛ ወጣህ፥ ስንተኛ ወጣሽ የሚል ነው። መመዘኑን አንነቅፍም፤ ያለ ፈተና ትምህርት አይኖርም። ነገር ግን ከመካከላችን አንደኛ የሚወጣው ልጅ፥ አንደኛ ባልወጣ ማን ይወደኛል ብሎ በልቡ ቢፈራ፥ አርባኛ የሚወጣውም ለእኔ ከቶ የሚገባኝ የለም ብሎ ቢያምን፥ ሁለቱም የሀውስ ወንድሞች ናቸው። አንዱ የሚወዱትን ሰዎች ይጠራጠራል፤ ሁለተኛው ያገኘውን ሁሉ ሳይመርጥ ይቀበላል። ነገ የትዳር ጓደኛ ሲመርጡ የሚመርጥላቸው ፍርሃታቸው ይሆናል።

ስለዚህ ወላጆቻችንን በትሕትና እንለምናለን። ካርዳችንን ከማየታችሁ በፊት ፊታችንን እዩልን፤ ካርዱንም ካያችሁ በኋላ፥ ውጤቱ ቢከፋም እንኳ፥ ልጃችሁ መሆናችንን በቃል ንገሩን። እንደምትወዱን እናውቃለን፤ ቢሆንም መስማት እንወዳለን። መምህሮቻችንም፥ ስትቀጡን ስሕተታችንን ከእኛ ለይታችሁ እንደምትቀጡ አይተናልና እናመሰግናችኋለን፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም እንዲሁ አድርጉላቸው።

እናንተም የክፍል ጓደኞቻችን፥ ገና ዐሥራ ስምንት ዓመታችን ነው፤ ለትዳር የምንቸኩልበት ጊዜ አይደለም። ጓደኛ መምረጥ ግን ጀምረናል። አንድ ሰው ደግ ሲሆንልን ምን ፈልጎ ነው ከማለታችን በፊት ጥቂት እንቈይ። የምንወደው ሰው ሲታመም ወይም ሲያዝን፥ የምንናገረው ቢጠፋን እንኳ፥ ሄደን አጠገቡ እንቀመጥ። የምንፈራውንም ነገር ቢያንስ ለአንድ ለታመነ ሰው እንንገር። ሀውስ ዊልሰንን ያህል ወዳጅ ነበረው፤ ምክሩን ግን ለመስማት ዘገየ። እኛ አንዘግይ።

በመጨረሻ፥ ከዚህ ግቢ ስንወጣ የምንይዘው ዕውቀት ብዙ ቢሆን ደስ ይለናል፤ አገራችንም ሐኪሞች፥ መሐንዲሶችና መምህራን ያስፈልጓታል። ከዕውቀቱ ጋር መውደድንና መወደድን ይዘን ብንወጣ ግን፥ ያስተማሩን ሁሉ ድካማቸው ከንቱ አልቀረም ማለት ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።