«ይወልቃል» ተብሎ የሚተው ጥርስ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን የቆመው ለቀብር ነው። ይሁን እንጂ ሐዘን ሳይመጣ መመካከርም የጎረቤት ወግ ነውና፣ ስለ ሕፃናት ጥርስ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ልጅ ጥርሴን አመመኝ ሲል ብዙዎቻችን «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» እንላለን። መውለቁስ ይወልቃል፤ ግን መቼ? የፊቶቹ በ6 እና በ7 ዓመት ገደማ ይለወጣሉ። መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። እንግዲህ በ4 ዓመቱ መንጋጋው የተበላ ልጅ ስንት ዓመት ሊታመም ነው? ሌሊት አይተኛም፤ ቆጮውንም በአንድ ጎኑ ብቻ ያላምጣል። ሥሩ ላይ የሚቋጠረው መግል ደግሞ ከበታች ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል።

ጥርስን የሚበላው ትል አይደለም። በአፍ ውስጥ ያሉ ተሐዋስያን ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱ ጥርሱን ይቦረቡረዋል። የማሻ ማር መልካም ነው፤ ነገር ግን የጡጦ ጫፍ ማር ቀብቶ ወይም ጣፋጭ ሻይ አጉርሶ ማስተኛት ጥርሱን ሌሊቱን ሙሉ በስኳር መዘፍዘፍ ነው። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃንማ ማር ጨርሶ አይሰጥም።

በድዱ ጠርዝ እንደ ኖራ የነጣ መስመር ከታየ ጅማሬው ነው። ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ ይቦረሽለት፤ እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ የሚያህል ይበቃል። የተቦረቦረውን ሐኪም ይሞላዋል፤ በጣም የተጎዳውን ውስጡን አክሞ የብረት ሽፋን ያለብሰዋል፤ የማይድነውን በማደንዘዣ ይነቅለዋል። ያለ መሰርሰሪያ የሚቀባ የብር ፍሎራይድ የሚባል መድኃኒትም አለ። የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል እንጂ መበላቱን ሊያቆመው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታልና፣ ሐኪሙን ጠይቁ።

ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ድዱን ቀዶ ያልበቀለ ጥርስ የሚያወጣ ሰው ጋ ግን አትውሰዱት። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ተቅማጡም በዚያ አይድንም። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ አካል መጉዳትን ይቀጣል።

የልጁ ፊት ካበጠ፣ ካተኮሰው፣ መዋጥ ወይም አፉን መክፈት ካቃተው ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። መተንፈስ ካስቸገረው ደግሞ ሰዓትም አይሰጥም። መግሉ ወደ አንገት ወርዶ ይገድላልና።

እዚህ ላይ ነው ነገሬ። የጥርስ ሐኪም በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ብዙ ወላጅ የሚዘገየው የመኪና ገንዘብ አጥቶ ነው። ድንኳንና ሳጥን የምናሰናዳ ሰዎች፣ ከወርኀዊ መዋጮ ጋር ቀስ እያለ የሚመለስ የመጓጓዣ ብድር ለታመመ ልጅ ብንፈቅድ ምን ይለናል? ኮሚቴው እንዲመክርበት፣ እናንተም እንድትወስኑበት አሳስባለሁ።