የሰፎክ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬን ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ያነበበ አንድ ጓደኛዬ፣ «የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ምናችን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ቀጥሎም፣ «ጌቶች በድኻው ጉልበት ያቆሙት የድንጋይ ክምር አይደለምን?» አለኝ። ጥያቄው የሚናቅ ስላልሆነ መልሱን በእናንተ ፊት ለመስጠት ተነሥቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሰፎክ በእንግሊዝ አገር በስተምሥራቅ፣ በሰሜን ባሕር ዳር የሚገኝ የእርሻ አውራጃ ነው። በመካከለኛው ዘመን የተሠሩ 500 ያህል የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም በውስጡ ይገኛሉ። አገሩ ግን ለግንብ የሚሆን ጥሩ ድንጋይ የለውም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ባልጩት ከየእርሻው እየለቀሙ፣ በኖራ እያያያዙ ግድግዳውን አቆሙ። ባልጩት ለማእዘን አይመችም፤ ለማእዘን የሚሆነውን ጥርብ ድንጋይ ከሩቅ አስመጥቶ መሥራት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በአውራጃው ውስጥ ከሚገኙት የደወል ግንቦች 40 ያህሉ ክብ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ክብ ነገር ማእዘን የለውምና።

እንግዲህ ማን ሠራቸው? በእንግሊዝ አገር በቆየው ልማድ መሠረት፣ መቅደሱን የመጠገን ግዴታ የአሥራቱ ተቀባይ ነበር፤ ሕዝቡ የሚቆምበትን ክፍል የመጠገን ግዴታ ግን የራሱ የሕዝቡ ነበር። ከምእመናን መካከል የተመረጡ አለቆች ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ ገቢና ወጪውን በመዝገብ ይጽፋሉ። በበዓል ቀን እንደ ጠላ ያለ መጠጥ አስጠምቀው ሸጠው ትርፉን ለጣራና ለደወል ያውሉታል። ሰው ሊሞት ሲል በኑዛዜው ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ገንዘብ የሌለው በግ ወይም እህል ለአጥቢያው ይተዋል። የሕያዋን ጸሎት የሙታንን ነፍስ ይረዳል ብለው ያምኑ ነበርና፣ ስማቸው በዚያ እንዲጠራላቸው ይሹ ነበር።

በ1349 ዓ.ም. የመጣው ታላቅ ቸነፈር ከሕዝቡ እጅግ ብዙውን ፈጀ። ይሁን እንጂ ከውቦቹ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ እንደ ገና የተሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱም የበግ ጠጉር ልብስ ንግድ አውራጃውን አበልጽጎት ስለ ነበረ ነው። ላቨናም በምትባለው ከተማ የሚገኘው ግንብ 43 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ለሥራው ገንዘብ ካወጡት መካከል የኦክስፎርድ መስፍንና በ1523 ዓ.ም. የሞተው የልብስ ነጋዴ ቶማስ ስፕሪንግ ዋናዎቹ ናቸው፤ በሕንጻው ላይም የሁለቱም ምልክት ተቀርጾ ይታያል። በሎንግ ሜልፎርድ ደግሞ ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ስም በውጭው ግድግዳ ላይ ከነልመናቸው ተጽፏል። ስለዚህ ጓደኛዬ እኩሌታውን እውነት ተናግሯል፤ ጌቶች በዚያ አሉ። ነገር ግን ሸማኔውም፣ በጉን የተናዘዘው ገበሬም አለበት።

አሁን ወደ ማፍረሱ ልለፍ። በ1534 ዓ.ም. ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮማ ጳጳስ ተለየ። ከ1547 ዓ.ም. ጀምሮ በልጁ በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን ሥዕልና ሐውልት እንዲነሣ ታዘዘ፤ ግድግዳውም በኖራ ተለቀለቀ። በ1643 ዓ.ም. ፓርላማው ይህንኑ የሚያጠናክር ሕግ አወጣ፤ ሕጉን እንዲፈጽሙ ከተሾሙት አንዱ ዊልያም ዳውሲንግ ነበር።

ዳውሲንግ ከውጭ የመጣ ወራሪ አልነበረም። እዚያው ሰፎክ የተወለደ፣ መጽሐፍ የሚወድ ባለ እርሻ ነበር። በካምብሪጅና በሰፎክ አውራጃዎች ከ250 በላይ አብያተ ክርስቲያናትን ጐበኘ፤ የሰበረውንና እንዲሰበር ያዘዘውን ሁሉ በዕለት መዝገቡ ጻፈ። ይህን ያህል መስኮት፣ ይህን ያህል ሥዕል እያለ እንደ ሱቅ ሒሳብ ይቈጥረዋል። በዚህ ሥራ እግዚአብሔርን እንደሚያገለግልና ሕዝቡን ከስሕተት ነጻ እንደሚያወጣ አልተጠራጠረም።

የገጠሩ ሕዝብስ ምን አደረገ? ዩፎርድ በምትባለው መንደር ዳውሲንግ በጥር 1644 ዓ.ም. መጥቶ አዝዞ ሄደ። በነሐሴ ሲመለስ ትእዛዙ ሁሉ አልተፈጸመም ነበር፤ ቁልፉንም ከልክለው ከሁለት ሰዓት በላይ በደጅ አቆዩት። በዚያ ያለው የጥምቀት ገንዳ ክዳን፣ ቁመቱ አምስት ሜትር ተኩል ያህል የሆነ የእንጨት ቅርጽ፣ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በብላይትበርግም የጣራው መላእክት እንዲወርዱ አዝዞ ነበር፤ ዛሬም ክንፋቸውን ዘርግተው በዚያው ናቸው። በእንጨቱ ውስጥ የተገኘውን የጥይት እርሳስ ሰው ሁሉ የዳውሲንግ ወታደሮች ተኩስ ነው ይል ነበር። ነገር ግን ከእነርሱ መቶ ዓመት ያህል በኋላ ጣራው ውስጥ የሚያድሩትን ወፎች ለመግደል የተተኰሰ መሆኑ ታውቋል። ከዚህም የምንማረው አለ፤ የምንጠላውን ሰው እንኳ ያልሠራውን ማሸከም አይገባም።

በዌናስተን የሆነው ደግሞ ይበልጣል። በ1892 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ፣ በኖራ የተለቀለቁ አሮጌ ሳንቃዎች ተነቅለው ግቢ ውስጥ ተጣሉ። ሌሊት ዝናም ዘነበ፤ ኖራው ታጠበ፤ ጧት የፍርድ ቀን ሥዕል ተገኘ። ሚካኤል በሚዛን ነፍሳትን ይመዝናል፤ ንጉሡና ጳጳሱ እንደ ማንኛውም ሰው ራቁታቸውን ቆመዋል፤ የሚለዩት በራሳቸው ላይ ባለው ዘውድና ቆብ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ሆይ፣ የድኻው ድንጋይ ክምር ያልኸው ቤት ለድኻው ይህን ያስተምር ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚህ አዳራሽ አሮጌ ነገር ሁሉ ይጠረግ ሲባል ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርሁ። የዳውሲንግን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን እጄ ከበደኝ። እርሱም እንደ እኛ የተማረ፣ እንደ እኛ የቸኮለ፣ ለሕዝብ የሚበጀውን ከሕዝቡ ይልቅ አውቃለሁ የሚል ሰው ነበርና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የተሰበረ ባለቀለም መስተዋት ግን ተለቅሞ አይመለስም።

ሁሉ ነገር ይጠበቅ ማለቴ አይደለም። በደንዊች ባሕሩ ከተማውን ከነአብያተ ክርስቲያናቱ በላው፤ የመጨረሻው የቅዱሳን ሁሉ ግንብ በ1919 ዓ.ም. ከገደሉ ወደቀ። ጊዜ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እንግሊዞችም ምእመን ያጡትን አብያተ ክርስቲያናት የሚጠብቅ ድርጅት በ1969 ዓ.ም. ያቋቋሙት ይህን አይተው ነው። እኛም ከማፍረሳችን በፊት ቢያንስ ማን ሠራው ብለን እንጠይቅ፤ መዝገቡንም እናንብብ። ቁልፉን የያዙት ሽማግሌዎች ሁለት ሰዓት ቢያስቆዩን፣ በዚያች ሁለት ሰዓት ውስጥ ምናልባት እናስብ ይሆናል።