ጦስኝን በጓሯችን እናብቅል



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጦስኝ ነው። ጦስኝን የማያውቅ የለም። ጉንፋን ሲይዘን፣ ሳል ሲያስቸግረን፣ ሆድ ሲነፋን በሻይ አፍልተን እንጠጣዋለን። ከበርበሬና ከሽሮ ጋርም ይገባል።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ጦስኝ ማን ይዘራዋል? አብዛኛውን የሚዘራው የለም። ከተራራ ተለቅሞ ነው የሚመጣው። ለቃሚው ጫፉን ቢቆርጥ መልካም ነበር፤ ተክሉ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሲቸኩል ግን ከነሥሩ ይነቅለዋል። ከነሥሩ የተነቀለ ለከርሞ አይገኝም።

ጦስኝ ምን ዓይነት ተክል ነው?

ጦስኝ ቁመቱ አጭር፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ሽታው የሚያውድ ተክል ነው። ትውልዱ የኢትዮጵያ ደጋ ነው። በጣርማ በር፣ በመንዝ፣ በባሌ ተራሮች ይገኛል። በሳይንስ ታይመስ ሺምፐሪ ይባላል። ስሙ የተሰጠው በአገራችን ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1878 ዓድዋ ላይ በሞተው በጀርመናዊው በሺምፐር ስም ነው።

ቅጠሉ ውስጥ ዘይት አለ። በዘይቱ ውስጥ ታይሞል የሚባል ጀርም የሚገድል ነገር ይገኛል። ይህ ታይሞል በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ውስጥም ይጨመራል። እናቶቻችን ጦስኝን ለሳል ማፍላታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም ማለት ነው።

ጦስኝ ለሰው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። አበባውን ንብ ይቀስመዋል። ሥሩ የተራራውን አፈር ይይዛል። ጦስኙ ሲነቀል አፈሩም በጎርፍ ይሄዳል።

የመንዝ አባቶች ይህን ነገር ቀድመው ያውቁት ነበር። በቄሮ ሥርዓት የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁት ነበር። ጊዜው ሲደርስ ከፍተው በደንብ ያጭዱት ነበር። ጠባቂ የሌለው የጋራ ሀብት ቶሎ ያልቃል። የተራራውን ጦስኝ ከምናራቁት በየጓሯችን ብናበቅል ይሻላል።

በቦሌ በኩል ይበቅላል ወይ?

አዎ፣ ይበቅላል። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። አየሩ ለጦስኝ ይስማማዋል።

አስቸጋሪው አፈሩ ነው። በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ዱሮ እርሻ የነበረው ዛሬ ፎቅ ሆኗል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ከተማው ዳር ስንወጣ፣ አብዛኛው መሬት ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ለጤፍ ጥሩ ነው። ጦስኝ ግን የለመደው የተራራ ጭንጫ ነው። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከዋለ ከአደረ ይበሰብሳል።

እንዲህ ከሆነ እንተወው? መተው የለብንም። ከፍ ያለ መደብ እንሥራለት። ማሳ ለጠበበብን ለከተማ ዳር ገበሬዎች ጦስኝ ደግ ነው፤ አንድ መደብ ለቤተሰብ ሻይ ይበቃል።

አሁን ሥራውን በተራ በተራ እንመልከት።

1ኛ. ዘር መያዝ። አበባው ደርቆ ቡናማ ሲሆን ራስ ራሱን እንቆርጣለን። በወረቀት ላይ አስጥተን በእጃችን እናሻለን። ከዚያ በወንፊት እንነፋዋለን። አንዷ አበባ ብትበዛ 4 ፍሬ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ ብዙ ራስ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ለዘር ብለን ወደ ተራራ ብንሄድም ተክሉን አንነቅልም፤ ከየተክሉ ጥቂት እንወስዳለን፣ የቀረው ለተራራው ይቅር።

2ኛ. ችግኝ ማፍላት። በየካቲት ወይም በመጋቢት ታቹ የተበሳ ጣሳ ወይም ሣጥን እናዘጋጃለን። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለን እንሞላለን። ዘሩ እንደ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቀን ከላይ እንበትነዋለን። አፈር አናለብሰውም። አፈር ከተጫነው አይወጣም። በመዳፍ ጫን ጫን ማድረግ ይበቃዋል።

ውሃ በጆግ አንደፋበትም፤ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ቅጠል ውሃ ውስጥ እየነከርን እንረጨዋለን። አፈሩ እንዳይደርቅ እንጂ እንዳይጨቀይ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል። ዘሩ ሁሉ እኩል አይወጣም፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። ስለዚህ ቶሎ ተስፋ ቆርጠን አንገልብጠው።

3ኛ. መትከል። ችግኙ የጣት ቁመት ሲደርስ፣ በሰኔ መግቢያ፣ ወደ መደብ እናዛውረዋለን። ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። መደቡን 30 ሴንቲሜትር ያህል፣ ማለት አንድ ስንዝር ተኩል፣ ከፍ እናደርገዋለን። ከሥር ጠጠር እንደለድላለን። አፈሩን ከአሸዋ ጋር እንቀላቅላለን። ዙሪያውን የውሃ መሄጃ ቦይ እንቀዳለን። ከችግኝ እስከ ችግኝ 30 ሴንቲሜትር እንተዋለን። ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ አረም ነው። አረም ትንሹን ችግኝ ያንቀዋል።

4ኛ. መቁረጥና ማድረቅ። ለግማሽ ዓመት ያህል አንነካውም። ከዚያ በመቀስ ወይም በስለታም ቢላዋ ከላይ ለስላሳውን እንቆርጣለን። ከሦስት እጅ አንድ እጁን ብቻ እንውሰድ። እንጨት የሆነውን ክፍል አንቁረጥ፤ ከዚያ ላይ ማቆጥቆጥ ያስቸግረዋል። የቆረጥነውን በጥላ ሥር እናደርቃለን። ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል፤ ሽታው ከሄደ መድኃኒቱም ሄደ። ሲደርቅ ክዳን ባለው ዕቃ እናስቀምጠው። ፊደል ቆጥረናልና የተቆረጠበትን ወርና ዓመተ ምሕረት በወረቀት ጽፈን እንለጥፍበት። አሮጌው ከአዲሱ አይደባለቅም።

ሻዩ እንዴት ይፈላል?

መጀመሪያ ውሃውን እናፈላለን። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ይበቃል። የፈላውን ውሃ ጨምረን እንከድነዋለን። ካልከደንነው ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይተን አጥልለን እንጠጣለን።

ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ወገኖቻችን፣ ይህን በደንብ እናስተውል። ጦስኝ የጉንፋን ሳልን ያስታግሣል። ሁሉን በሽታ ግን አያድንም።

ሳል ሁለት ሳምንት ከቆየ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ነቀርሳ በጦስኝ አይድንም። ጤና ጣቢያ ሄደን እንመርመር። የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። ሕፃን ልጅ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ሻይ እናፍላለት ብለን ጊዜ አናጥፋ፤ በዚያው ሰዓት ይዘነው እንሂድ። ነፍሰ ጡር ሴት ጦስኝ አወፍራ አትጠጣ። የደም ግፊት ክኒን የሚወስድም ሰው ጦስኝ ይበቃኛል ብሎ ክኒኑን አይተው።

ስንቱ በሻዩ ተማምኖ ቤቱ ተኝቶ ሐኪም ሳያየው ቀርቷል! ጦስኝ በደጃችን መኖሩ የጤና ጣቢያውን መንገድ ሊያስረሳን አይገባም።

እንግዲህ ይህ ነው ሥራው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ያፈራ ሰው ለጎረቤቱ ዘር ያካፍል። ከቤት የተረፈውን ደግሞ ወደ ገበያ ይውሰድ፤ ጦስኝ ገዢ አያጣም። ዘንድሮ አንድ ጣሳ ብንዘራ ለከርሞ ሻያችንን ከራሳችን መደብ እንቆርጣለን፤ የተራራውም ጦስኝ ሥሩን ይዞ ይቆያል።